አልካፈል ያለው ቁጥር

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ወይ «እሱማ የጎረቤቶቻችን ነገር ነው» ብላችሁ ትስቃላችሁ፣ ወይ «እኛን ነው የሰደበው» ብላችሁ ትቀየሙኛላችሁ፤ ሁለቱም አይበጀኝም። ከተማችን ወንዝ ዳር ናት፣ ሜዳዋ ሰፊ ነው፣ ሰዎቿም እኩልነት ይወዳሉ። ይኸው ይበቃችኋል።

እኩልነት ስንወድ ደግሞ ለጉድ ነው! በዓመት አንድ ቀን፣ የቁም ቀን በምንለው በዓል፣ የከተማው ሰው በሙሉ ሜዳ ወጥቶ በእኩል ረድፍ ይቆማል። ሕፃን በእናቱ እቅፍ፣ በሽተኛ በቃሬዛ፣ ሽማግሌ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ይመጣል። ረድፉ ስንት ይሁን የሚለውን ሕጉ አይደነግግም፤ ሃያም ይሁን መቶ፣ ብቻ በየረድፉ የቆመው ሰው ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። ከረድፍ ውጭ የሚተርፍ ሰው የተገኘ እንደሆነ ግን እኩልነታችንን አፍርሷልና ወንዙን ይሻገራል። የተሻገረ ሰው እንዲመለስ አይፈቀድለትም።

ሕጉ የሚከለክለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ረድፍ ቢደረደር፣ እሱ ረድፍ ሳይሆን ወረፋ ነው። ሰው ሁሉ ለየራሱ አንድ አንድ ረድፍ ቢይዝ ደግሞ ግርግር ነው። ወረፋና ግርግር በሌላው ቀን ሞልቶናልና ለበዓል አይሆኑም።

ረድፉን አስልቶ የሚያወጣው የማካፈያ ቤት ይባላል። ስልሳ አካፋዮች ነበርን፤ እኔ አንዱ ነኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው አንለይ ነበር። አባቱ ቤተሰቡ እንዳይለያይ ተመኝቶ ያወጣለት ስም ነው፤ የልጁ እንጀራ ማካፈል ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም። እኔና እሱ ደባል ነን፣ አንድ ቤት ነው የተከራየነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ የምነግራችሁ ሁሉ ከአፉ የሰማሁት ወይ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሰው ፊት ሲናገር ይንተባተባል። እርሳስ ሲይዝ ግን ከስልሳችን የሚደርስበት አልነበረም።

አንለይን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እትዬ ዘርትሁን እንላታለን። ገመድ ገማጅ ነች። በሜዳው ላይ ረድፉ እንዲቀና የሚዘረጋው ገመድ ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። አንለይ «ከእኛ ጋር ኑሪ» ባላት ቁጥር «ገመዴን የት ዘርግቼ ልግመድ? በእናንተ አልጋ ላይ?» ትለዋለች።

ቁጥሩ አስቸግሮን አያውቅም ብዬ አልዋሽም። ድሮም አስቸግሮናል። የድሮዎቹ አካፋዮች ግን ነገር ያውቁ ነበር፤ የሚያልፍ መንገደኛ ለምነው ለአንድ ሰዓት ያህል ረድፍ ውስጥ ያቆሙታል፣ ምሳ ያበሉታል፣ አመስግነው ይሸኙታል። አለቀ። በዚያ ዓመት ግን አዲስ ሊቀ አካፋይ ተሾመልን፤ ድንበሩ ይባላል። የመጀመሪያ አዋጁ «እንግዳ ማቆም ማጭበርበር ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል» የሚል ነበር። ሰውዬው ማካፈል አይችልም። ይህንንም አልደበቀንም፤ በተሾመ ዕለት ሰብስቦን «ማካፈሉ የእናንተ ነው፣ እኔ አቅጣጫ አስቀምጣለሁ» አለን። እኛም አጨበጨብን።

ቆጠራው ሲያልቅ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆንን። አንለይ ቁጥሩን ተቀብሎ ተቀመጠ። በሁለት ሲያካፍል አንድ ቀረ። በሦስት ሲያካፍል ሁለት፣ በአምስት አራት፣ በሰባት ሁለት፣ በአሥራ አንድ አሥር ቀረ። በአራት፣ በስድስት፣ በስምንት አልሞከረም፤ በሁለት እምቢ ያለ በእነዚህም እምቢ ይላል። እንዲህ እየዘለለ ሰማንያ ሦስት ደረሰና እርሳሱን አስቀመጠ። ያካፈለው ሃያ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

«አለቀ፤ ይህ ቁጥር አይካፈልም» አለኝ።

«ገና ሰማንያ ሦስት ላይ ነህ እኮ!»

«ሰማንያ ዘጠኝ ረድፍ ላይ ሰማንያ ዘጠኝ ሰው ብታቆም፣ ካለን ሰው በሁለት ይበልጣል። ስለዚህ ረድፉ ሰማንያ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በየረድፉ ያለው ሰው የግድ ከሰማንያ ዘጠኝ ያንሳል። ከሰማንያ ዘጠኝ የሚያንሰውን ደግሞ ጨርሼዋለሁ። ያንኑ ገልብጦ ማየት ነው።»

ከዚያ ወረቀቱን ያይ ጀመር። ደስ ብሎት ነበር፤ እውነቴን ነው። «ይህን ሁሉ ሰው ይዞ አንድ ስንጥቅ እንኳ የለውም» አለኝ፣ ጥሩ ድንጋይ ያገኘ ግንበኛ ይመስል። እኔ ደግሞ ምሳ ሰዓት እያለፈብኝ ነበር።

ሊቀ አካፋይ ድንበሩ አንለይ ሃያ ሦስት ጊዜ ብቻ ማካፈሉን ሲሰማ ተቆጣ። «ስንፍና ነው! ከሁለት ጀምራችሁ እስከ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት ድረስ አንድ በአንድ አካፍሉ» የሚል አቅጣጫ አስቀመጠ። ስልሳ ሰው ሦስት ሳምንት አካፈልን። አንዱ ባልደረባችን በሰባት ሺህ ሲያካፍል ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ እንደቀረው በታላቅ ድምፅ አበሰረ። ሌላው በሁለት ሲካፈል ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል እንደሚደርስ አግኝቶ ተሸለመ፤ ብቻ ተኩሉን ለመሆን ፈቃደኛ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንለይ በመጀመሪያው ቀን የደረሰበት ላይ ደረስን።

ሪፖርቱን እንዲጽፍ አንለይ ታዘዘ። እንግዲህ ልብ በሉ። ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ የማያካፍለውን ቁጥር እኛ የሥራው ሰዎች ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። አንለይም እንደ ልማዱ አሳጥሮ እንዲህ ጻፈ፦ «በሁሉም ተሞክሮ አልተቻለም፤ ምክንያቱም ብቸኛ ነው።» ማን እንደሆነ አልጻፈም። ለምን ይጻፍ? ሪፖርቱ በሙሉ ስለ ቁጥሩ ነው።

ሪፖርቱ በከተማው ሸንጎ ፊት ሲነበብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሊቀ አካፋዩ «ምክንያቱም ብቸኛ ነው» ብሎ ሲጨርስ፣ የሸንጎው አፈ ጉባኤ አቶ ፈንታሁን፣ እንባው ቅርብ የሆነ ትልቅ ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ምስኪን!» አለ። «አንጀቴን በላው። እኛ እያለን?»

አንለይ ከበሩ አጠገብ ቆሞ «ክ... ክቡርነትዎ፣ ቁጥሩን ነው...» ሲል ጀመረ።

«ገብቶናል ልጄ፤ ቁጥሩ ብቸኛ ሆኖ ነው። አጠገቡ አንድ ሌላ ቁጥር ይጻፍለትና ይጫወት።»

ስምንት ተመረጠ፤ ወፍራምና ተግባቢ ይመስላል ተባለ። ከሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ ጎን ስምንት ሲጻፍ ሰባ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ሆነ፤ ቁጥሩም ለሁለት እኩል ተካፈለ። እልል ተባለ። ለሁለት ቀን ያህል ሰባ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ሰው ሆነን ኖርን። በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ ልምምድ ስንወጣ ሰባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ሰው ሳይመጣ መቅረቱ ታወቀ። ጥበቃዎች በየቤቱ እየዞሩ «የት ደበቃችኋቸው?» እያሉ ፈለጉ፤ አንዲት ሴትዮ ጎተራዋን ከፍታ አሳየቻቸው። ስላልተገኙ ስምንት ተሰረዘ።

ሸንጎው እንደገና ተሰበሰበ። ሊቀ አካፋይ ድንበሩ ተነሥቶ «ቁጥሩ ጓደኛ ተሰጥቶትም አልዳነም። ስለዚህ ብቸኛው ቁጥሩ አይደለም፤ ከመካከላችን አንድ ብቸኛ ሰው አለ» አለ። የሸንጎው አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ጻፍኩ።

በማግስቱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሁሉ ተመዘገቡ፤ አርባ አንድ ሰው ተገኘ። ተጋብተው ብቸኝነቱ ይጥፋ ተባለና በአንድ ቀን ሃያ ሠርግ ተደገሰ። ደንቆሮዋን ጥርስ ነቃይ ለመለከት ነፊው ዳሯት፤ የተስማሙት እነሱ ብቻ ናቸው። አጋቢዎቹ እትዬ ዘርትሁን ደጅ ሲደርሱ እሷ ገመድ እየገመደች ነበር። ገመድ ደግሞ በመካከል ከተለቀቀ እስከ ሥሩ ይፈታል። «ትንሽ ቆዩኝ፣ ጫፉን ልቋጥር» አለቻቸው። ቋጥራ ስትወጣ ሃያ ጥንድ ሞልቶ፣ አጋቢዎቹም ሄደው ነበር። አርባ አንዱም ለሁለት አይካፈል ኖሯል!

ሰው በማግባቱ አይቀነስም። ይህንን ለማወቅ ከተማውን እንደገና ቆጠርነው፤ ያው ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ዘጠኝ ነን። ሊቀ አካፋዩ ግን ፊቱ በራ። «አንዲት ብቸኛ ቀርታለች፤ እሷ ስትነሣ ስንት እንሆናለን?» ብሎ ጠየቀ። ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስምንት። ሠላሳ ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው፤ ምንም አይተርፍም። «ይኸው ተገኘ!» አለ። ያገኘው እሱ ነው ተብሎ ተጻፈ።

አንለይ ይህን ሲሰማ እርሳሱን ጣለ። ከቢሮም ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። እትዬ ዘርትሁንን ደጇ ላይ አገኘናት። ጉልበቷ ላይ ወድቆ ነገሩን ሁሉ ነገራት። አላለቀሰችም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እጄ ይሰበር!»

«እጅህን ተወው። ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ብቸኛ ነው ብዬ።»

«‹ነው› ነው ያልከው? ‹ናት› አላልክም?»

«‹ነው› ነው ያልኩት።»

«እንግዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ? ሂድና ይህንኑ ንገራቸው። ደግሞ ሳትንተባተብ!»

እስቲ አሁን ማን ሊቅ ነው፣ ማን ገመድ ገማጅ? ስልሳ አካፋይና አንድ ሙሉ ሸንጎ ያላየውን እሷ ቆማ ገመዷን እያፍተለተለች አየችው። አንለይ ወደ ሸንጎ እየሮጠ ሄደ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተስፋ አድርጎ አያውቅም።

ሸንጎው ፊት ቆሞ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንተባተብ፣ «የጻፍኩት ‹ብቸኛ ነው› ብዬ ነው። እህቴ ሴት ናት። ስለ እሷ ቢሆን ኖሮ ‹ናት› እል ነበር» አለ።

አቶ ፈንታሁን በሐዘን አየው። «ልክ ነህ ልጄ፤ ስሕተቱን እኛም አይተነዋል። አስተካክለነዋል።» ወረቀቱንም አሳየው። «ነው» ተሰርዞ በቀይ «ናት» ተብሏል።

አንለይ ወረቀቱን መለሰለት። «እሺ ይሁን» አለ። «ግን እኮ የተረፈ ሰው የለም። ማናችንም ብንወጣ ቁጥሩ ይካፈላል። አቶ ፈንታሁን ቢወጡ ይካፈላል። ሊቀ አካፋዩም ቢወጡ ይካፈላል። እኛ አንድ ላይ ስንሆን ነው የማንካፈለው። ይህ ደግሞ ነውር አይደለም፤ አንድ ዓመት ሳንሰለፍ ብንቀር ምን እንሆናለን? ወይም አንድ መንገደኛ እንለምን፤ አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአምስትም፣ በአሥራ አንድም፣ በፈለጋችሁት እንካፈላለን!»

ሊቀ አካፋይ ድንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ» አለ። አልያዝኩትም። አንለይ ያለው ሁሉ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስልሳችንም እናውቃለን። እኔ ግን እርሳሴን ቀረጽኩ።

«እንግዲያው እኔን አውጡኝ» አለ አንለይ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእሷ ፈንታ እኔ ልሻገር።»

«አይሆንም» አለ ሊቀ አካፋዩ። «የሚወጣው ብቸኛ የሆነ ሰው ነው። አንተ ብቸኛ አይደለህም፤ እህት አለችህ።»

«እሷስ? እሷም ወንድም አላት!»

ሊቀ አካፋዩ መዝገቡን ዘጋ። «እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» አለ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከበዓሉ በኋላ ነበር።

የቁም ቀን ደረሰ። ሜዳው ላይ ሠላሳ ሰባት ገመድ ተዘረጋ፣ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ፣ መለከቱ ተነፋ። እኔና አንለይ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ነበርን። እትዬ ዘርትሁን ያልጨረሰችውን አንድ ጥቅል ገመድ በትከሻዋ ይዛ በረድፎቹ ፊት አለፈች። ጥበቃዎቹ ሊደግፏት ሲሉ «እግር አለኝ» አለቻቸው። ለስንቱ ቤት የሠርግ ድንኳን ገመድ የሰጠች ሴት ናት፤ አንድ ሰው እንኳ «በሰላም ሂጂ» አላላትም። ሰው ሁሉ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ቆሟል። ወንዙ ያን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፤ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

አንለይ ዞር ብሎ አየኝ። «የቤቱ ቁልፍ መስኮቱ ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ከረድፉ ወጣ። አልሮጠም፤ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚራመደው። ማንም አላስቆመውም፤ ከረድፍ ስለሚተርፍ ሰው እንጂ በገዛ ፈቃዱ ከረድፍ ስለሚወጣ ሰው ሕጋችን ምንም አይልም። ማን ይወጣል ተብሎ!

ሊቀ አካፋይ ድንበሩ ክፍተቱን ሲያይ ልብሰ ተክህኖ የመሰለ ካባውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ። ክፍተቱን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንተ! ሰፋ በል!»

«እንዴት አድርጌ፣ ክቡርነትዎ?»

«እግርህን ክፈት፣ እጅህን ዘርጋ!»

እግሬን ከፈትኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ሊቀ አካፋዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ በአንድ ዓይኑ ለካኝና «ሁለት» አለ። መዝጋቢው ሁለት ብሎ ጻፈኝ።

በዓሉ የሚፈጸመው በአንድ ጥያቄ ነው። ሊቀ አካፋዩ ከመድረኩ ላይ ሆኖ «ቀሪ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕዝቡም መልስ ይሰጣል። ድንበሩ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ። እኔ ካለሁበት ወንዙ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። አንለይ ውሃው መሃል ላይ ደርሶባት ገመዱን ከትከሻዋ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ እትዬ ዘርትሁን እጁን መታችው፣ ትንሽ ተጨቃጨቁ፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ እሱ አንዱን ጫፍ እሷ ይዘው ወደ ማዶ ወጡ።

«ቀሪ አለ?» አለ ሊቀ አካፋዩ።

«የለም!» አለ ሕዝቡ።

እኔም «የለም!» አልኩ። ሁለት ሰው ነበርኩና ሁለት ጊዜ ጮህኩ።